«እማማ፣ ላፍቶ ማለት ምን ማለት ነው?»

የልጅ ልጄ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ መጣ። ዕድሜው ሃያ ነው። ተወልዶ ያደገው ሚኒሶታ ሲሆን ወደ አገር ቤት ሲመጣ የአሁኑ ሦስተኛው ነው። በፊት ሁለት ጊዜ ሲመጣ ልጅ ስለነበር ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እያዞርን፣ በየቤቱ እያጎረስን፣ «እንዴት አድጓል!» እያልን መለስነው። አሁን ግን ሻንጣውን ሲከፍት ከስጦታው ሁሉ በላይ ያስቀመጠው አንድ ደብተር ነበር። ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምሩት መምህር የቤት ሥራ ሰጥተውታል። ከቤተሰቡ አገር ሦስት ቦታ ይጎበኛል፤ በየቦታው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ የሰማውን አንድ ነገር ጽፎ ይመለሳል።

በማግስቱ ቡና እየጠጣን ደብተሩን ገለጠና «እማማ፣ ላፍቶ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠመኔ ይዤ የወንዝና የተራራ ስም አስተምሬአለሁ። ላፍቶ ከገባሁ ደግሞ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። መልሴ ግን «ስም ነዋ!» የሚል ብቻ ሆነ። ልጁ ቀና ብሎም አላየኝ፤ በማይረጋው የአማርኛ ጽሕፈቱ «ስም ነዋ» ብሎ ጻፈ። አፈርኩ።

ከአጥራችን ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ኦሮምኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው። ጠርተናቸው ለሁለተኛው ቡና መጡ። ልጁ ጥያቄውን ሲደግመው ከት ብለው ሳቁ። «ላፍቶማ ግራር ነው፤ የግራር ዛፍ። አንቺ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ሆነሽ አንድ ቀን እንኳ ትጠይቂኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስንት ቡና አብረን ጠጥተን፣ ስንት ለቅሶ አብረን ደርሰን፣ የምንኖርበትን ሰፈር ስም ፍቺ ጠይቄአቸው አላውቅም።

ክፍለ ከተማችን ነፋስ ስልክ የሚለውን ስምም ይዟል። ይህንን እንኳ እኔ አስረዳሁት። ነፋስ ስልክ ድሮ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ መጠሪያ ነበር። ድምፅ በነፋስ የሚሄድ ስለመሰላቸው አባቶቻችን እንዲህ አሉት። «ታዲያ እኛ ሰፈር የሚኖረው ሰው አድራሻው ግራርና ሬዲዮ ነው ማለት ነው» አለና ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ግራር ፍለጋ ወጣን። በየግቢው አጥር ሥር ስናማትር ቆይተን በመጨረሻ አንድ አሮጌ ግራር አገኘን። ከሥሩ የቆመ መኪና ነበር፤ ቅርንጫፉ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አልፏል። ልጁ ፎቶ አነሳው።

ከደጃችን የሚነሳው መንገድ

ልጁ ሳይመጣ የያዝኩት ዕቅድ ሌላ ነበር። ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን አስቤ ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሆቴሉ፣ የመንገዱ ነገር ሲደማመር ግን እንኳን ለጡረተኛ ለደመወዝተኛም የሚቻል አልሆነም። የግራሯ ቀን ማታ ሳስበው ግን ከላፍቶ በጀሞ አድርጎ ወደ ዓለም ገና የሚወጣው መንገድ ትዝ አለኝ። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ ሲታጠፉ በዚያ መስመር ላይ ሦስት ቦታ አለ፤ መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ። ከእነዚህ ሁለቱ በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩ ናቸው። ሦስቱንም በአንድ ቀን አይቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። መልካ ቁንጡሬንና ጢያን ለስንት ዓመት አስተምሬአለሁ። ካርታ ላይ በዱላ አመልክቼ፣ ፈተና ላይ አውጥቼ፣ ላልመለሰ ተማሪ ማርክ ቀንሼ አውቃለሁ። በዓይኔ ግን አላየኋቸውም። ከቤቴ ከመቶ ኪሎ ሜትር በታች የሚርቅ ቦታ ነው!

ቦታውን ሳይረግጡ ማስተማር እንደማይበቃ ልጅ ሳለሁ ያሳየኝ ሰው ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው ያገለግሉ ነበር። እኛ ትምህርት ቤትም አንድ ወጣት መጥቶ ነበር። ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ወንዝ ይዞን ይወርዳል፤ ድንጋይ ያስነሣናል፤ አፈሩን በእጃችን ያስጨብጠናል፤ የማያውቀውን ደግሞ ሳያፍር ገበሬውን ይጠይቃል። እኔን መምህር ያደረገኝ እሱ ይመስለኛል። ግን ትምህርቱን እንጂ ልማዱን አልወረስኩም ነበር።

የአንድ ጎረቤታችንን ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን። የመንገዱን ሰላም አንድ ቀን ቀድመን ጠየቅን። በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎረቤቴንም ይዘን ተነሣን። «እኔስ ከማን አንሳለሁ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ።

ከሰባት መቶ ሺህ ዓመት በፊት የወጡ ልጆች

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ጎረቤቴ ከመድረሳችን በፊት ነገሩት፣ ደብተሩ ላይ ሰፈረ። አዋሽ ክረምት ስለነበር ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይወርዳል። ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ መሆኑን ስነግረው ልጁ ድልድዩ ላይ ቆሞ ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

ቦታውን በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ከዚያ በኋላ ዣን ሻቫዮን የተባሉ ፈረንሳዊ ለብዙ ዓመታት ቆፍረውታል፤ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎችም ተከትለዋል። ሥፍራው ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ሙዚየሙ እንደ ሣር ጎጆ ክብ ክብ ሆነው የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ውስጣቸው የድንጋይ መሣሪያ፣ የጥንት እንስሳት አጥንትና የሰው ዘር ታሪክ ተደርድሯል።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ጥቁሩ፣ መስታወት የመሰለው ድንጋይ ነው፤ እኛ ባልጩት የምንለው። አስጎብኚው ወጣት «እማማ፣ ይህ ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ ከዚህ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ስሙም ባልጪት ነው» አለኝ። የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በፊት እየፈለጡ ስለት አውጥተውበታል። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ ቆዳ ፋቂዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ በባልጩት ሲፍቁ ኖረዋል። ጎረቤቴ ድንጋዩን እያዩ «እናቴ በልጅነታችን ጠጉራችንን በዚህ ነበር የምትላጨን» አሉ። አስጎብኚው የራሱን ነገር ትቶ እሳቸውን መጠየቅ ጀመረ። የልጅ ልጄም ብዕሩን አወጣ። በዚያ ሰዓት ማን አስጎብኚ፣ ማን ጎብኚ እንደሆነ ጠፋን።

ከዚያ ወጣቱ እጁን ወደ ጎምቦሬ ዘርግቶ የነገረን ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚያ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ ተገኝቷል። ውሃ ያቆረበት ጭቃ ላይ የተረገጠ ነው። ዱካው የአዋቂ ብቻ አይደለም፤ ገና አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ዱካም አለበት። በአካባቢው ድንጋይ ሲፈለጥ፣ የጉማሬ ሥጋ ሲከተፍ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ተገኝቷል። አጥኚዎቹ እንደሚሉት ታላላቆቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ልጆቹ ከሥራቸው ነበሩ፤ እያዩ ይማሩ ነበር ማለት ነው።

የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ «የመስክ ጉብኝት ነዋ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ትምህርት ቤት ሳይኖር፣ ፊደል ሳይኖር፣ ሰው ልጁን የሚያስተምርበት መንገድ ይዞት መውጣት ነበር።

«የማን ልጅ ነህ?»

ከመልካ ቁንጡሬ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ወደ ቀኝ የሚታጠፈው የአዳዲ መንገድ አለ። ክረምት ስለሆነ ጭቃው አስቸገረን፤ ሁለት ጊዜ ወርደን መኪና ገፍተናል። አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከላይ ወደ ታች ስለተፈለፈለች ጣራዋ ከመሬቱ እኩል ነው፤ አጠገቧ እስኪደርሱ አትታይም። በአፈ ታሪክ ንጉሥ ላሊበላ ወደ ዝቋላ ሲመጣ ያሠራት ናት ይባላል።

ልጁ ጫማውን አውልቆ በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ወረደ። ፍልሰታ ነውና ለቅዳሴ የሚመጣው ሰው ከማለዳ ጀምሮ ተሰብስቧል፤ እናቶች ሕፃናት አዝለው፣ ትንንሾቹ ልጆች ነጠላ ለብሰው አጥር ሥር ተቀምጠዋል። ቅዳሴው ስላልገባ ካህኑ ፈቀዱልንና ውስጡን በጧፍ አየን። ጣቱን ግድግዳው ላይ አሳርፎ የመፍለጫውን ዱካ ሲከተል አየሁት።

ስንወጣ ደጃፉ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጁን ያዙትና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። የአባቱን ስም ነገራቸው። «እሱስ የማን?» አሉ። የአያቱን ስም አለ። «እሱስ?» ልጁ ዝም አለና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቅድመ አያቱን ነገርኩ፤ አንድ ጨመርኩ፤ ከዚያ በላይ እኔም ቆምኩ። አሮጊቷ «ምነው ልጄ፣ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ!» ብለው እጁን ሳሙና ለቀቁት። የቁጣ አልነበረም። ግን ሁለታችንም መኪናው ድረስ ሳንነጋገር ሄድን።

መኪና ውስጥ እንደገባን ደብተሩን ዘረጋልኝ። የማውቀውን ያህል በቅደም ተከተል ጻፍኩለት፤ የቀረውን ለመጠየቅ ደግሞ በሕይወት ያሉትን የባለቤቴን ታላቅ እኅት ስልክ ቁጥር ከጎኑ አሰፈርኩ። ከአዳዲ በሰው አፍ የሰማውና ለመምህሩ የጻፈው እንግዲህ መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

ጎራዴ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች

ጢያ የደረስነው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ከሙሉው ጉዞ ያጠፋነው ይሄን ሰዓት ነው፤ ደክመናል፣ እርቦናል። መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ቤት ጎመን በቆጮ በላን። የቤቷ ባለቤት ልጁ ቆጮውን በሹካ ሊበላ ሲታገል አይተው መጥተው እንዴት እንደሚቆረስ አሳዩት። «አሁን ሰው ሆንክ» አሉት።

ጢያ ሶዶ ጉራጌ ውስጥ ያለ ጥንታዊ የመቃብር ሥፍራ ነው። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። 36 ትክል ድንጋዮች አሉበት፤ 32ቱ ቅርጽ የወጣባቸው ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ፣ ሌሎቹ ላይ ክብ ክብ ምልክትና ቅጠል መሳይ ነገር አለ። የጽሕፈት ምልክት ስላልሆነ ፍቺው እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልተነበበም። አንዳንዶቹ ዘመዋል፣ አንዳንዶቹ ተጠግነው ቆመዋል።

እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር «የግራኝ ድንጋይም ይባላል» እያልኩ፣ ነገሩ ከግራኝ አህመድ ዘመን የተገኘ አስመስዬ አልፈው ነበር። አስጎብኚው በትሕትና አረመኝ። «እናቴ፣ ሕዝቡ እንደዚያ ይለዋል። ቁፋሮው ግን መቃብሮቹ ከግራኝ ዘመን የቀደሙ መሆናቸውን ነው ያሳየው። ግራኝ በ16ኛው ነው የመጣው» አለኝ። ስንት ልጅ ከእኔ ስሕተት ይዞ ወጥቷል! የልጅ ልጄ ፊት መታረሜ ግን አላሳፈረኝም። ይልቅስ ልጁ ከዚያ በኋላ ጥያቄው በዛ፤ አዋቂም ይሳሳታል ማለት ለካ ለልጅ የመጠየቅ ፈቃድ ነው።

ከዚያ አስጎብኚው ከሥሩ የተቀበሩት አብዛኞቹ ወጣቶች መሆናቸውን ነገረን፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ያሉ፤ እግራቸውን አጥፈው፣ ሕፃን በማሕፀን እንደሚተኛ ሆነው የተቀበሩ። ልጁ ከአንዱ ድንጋይ ፊት ቆሞ የጎራዴዎቹን ብዛት መቁጠር ጀመረ። «የእኔ እኩያ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። ሌላ ምንም አልተናገረም። ዝናቡ እስኪጀምር እዚያው ቆመ፤ እኛም አልጠራነውም።

ከሚኒሶታ የመጣው ስልክ

ማታ ላፍቶ ስንገባ ልጄ፣ የልጁ እናት፣ ደወለች። ልጁ ስለ ዱካው፣ ስለ አሮጊቷ፣ ስለ ጎራዴው አማርኛና እንግሊዝኛ እየደባለቀ ሲነግራት ቆየና ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። እሷም በመጨረሻ «እማዬ፣ እኔን ለምን አልወሰድሽኝም?» አለችኝ።

ሥራ፣ የትራንስፖርት ችግር፣ የደመወዝ ማነስ እያልኩ ደረደርኩላት። እውነት ነው፣ ሁሉም ነበረ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዋናው ምክንያት ያ እንዳልሆነ ገባኝ። ልጄ ወደ ውጭ ለመሄድ ስትዘጋጅ ገንዘብ አላጣንም ነበር። ለእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ከፈልን፤ ለፈተናው ከፈልን፤ ለፎቶው፣ ለትርጉሙ፣ ለማኅተሙ ከፈልን። ለምትሄድበት አገር በሚገባ አዘጋጀናት። ለምትለየው አገር ግን አንድ ቀን እንኳ አላዘጋጀናትም። አገሯ ነው፣ ታውቀዋለች ብለን ነበር። አለማወቋ ያኔ አልታየንም፤ የታየን ሃያ ዓመት ቆይቶ በልጇ ጥያቄ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ዓይነት ወላጆችና አያቶች ብዙ እንደሆኑ ስለማውቅ ነው። ልጁ ከውጭ ለዕረፍት የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ ለትምህርት ሊሄድ ቪዛ የሚጠብቅ። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው፤ አብሮ መውጣት። ከእኛ ጉዞ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ከደጃችሁ ጀምሩ። የሰፈራችሁን ስም ፍቺ የሚያውቅ ሰው ከአጥራችሁ ማዶ ይኖራል፤ እንደ እኔ ሃያ አራት ዓመት አትጠብቁ። ስትወጡ ደግሞ ልጁ አንድ ጥያቄና አንድ ደብተር ይያዝ። ፎቶ ብቻ ይዞ የሚመለስ ልጅ ያየው ራሱን ነው። በየቦታው አንድ ሰው ራሱ ያናግር፤ ቃል ሲጠፋበት እየቀደማችሁ አትተርጉሙለት፤ አነጋገሩ ቢጎረብጥም አትሳቁበት። ቤተሰብ የሳቀበት ልጅ ያንን ቋንቋ ደግሞ አይሞክረውም።

የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ክፍያውን አትከራከሩበት። እኛ የማናውቀውን፣ ያወቅን የመሰለንንም የሚያርምልን እሱ ነው። ሦስት ቦታ በአንድ ቀን እኛን አድክሞናል፤ ትንሽ ልጅ ካላችሁ ሁለት ይበቃል። ከውጭ የሚመጡት የሚደርሱት በክረምት ስለሆነ ጭቃ የሚችል ጫማ፣ ዣንጥላ፣ ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ ነጠላ ያዙ። በማለዳ ውጡ፤ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ። ብር ሰጥቶ ከአጎቱ ልጅ ጋር መላክ ቀላል ነው። ግን «እኔም አላውቀውም፣ እንጠይቅ» የሚል አያት ከጎኑ ካልቆመ ልጁ አለማወቁን እንደ ነውር ይዞት ይመለሳል።

የልጅ ልጄ ነሐሴ 17 ተመለሰ። ጽሑፉን ለመምህሩ ካስገባ በኋላ በስልክ አነበበልኝ። ርዕሱ «ስም ነዋ» ይላል። ተናደድኩም፣ ሳቅኩም። ጎረቤቴ የቅድመ አያቶቹ ስም የት ደረሰ ብለው ሲጠይቁኝ ስድስት ቤት መድረሱን ነገርኳቸው፤ የባለቤቴ እኅት አንዱን አስታውሰውልናል። ሰባተኛውን ገና እየፈለግን ነው።

በሰፈራችን ሁለት ልጆች ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄዱ በሂደት ላይ ናቸው። ከወላጆቻቸው ጋር ተነጋግረናል፤ መስከረም ሲጠባ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ ያቺው ሚኒባስ ትመጣለች። ጎረቤቴ የፊት ወንበሩን ከወዲሁ ይዘዋል።